ዳኛው የማንን እንጀራ በሉ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የመጡልኝን ደብዳቤዎች ሳገላብጥ ግማሽ ያህሉ ስለ አንድ ነገር ሆነው አገኘኋቸው። ስለ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ሀብትና ስለሚቀበሉት ስጦታ። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለእሱ ሰጥቼዋለሁ። ስለ ግሪን ካርድ የጠየቃችሁኝ ትንሽ ታገሱኝ። ዓመቶቹና ወሮቹ የፈረንጅ ናቸው፤ የኛ ሲሆን እናገራለሁ።

ጥያቄ፦ ፖስታ ቤት ነው የምሠራው። ደብዳቤ የማደርስላቸው አንዲት አሮጊት ለገና ሃምሳ ዶላር ሰጡኝ። እያዘንኩ መለስኩላቸው፤ ብቀበል ከሥራዬ ልባረር እችላለሁ። ታዲያ የአገሪቱ ትልቅ ዳኛ በቢሊየነር መርከብ ሲንሸራሸሩ ጠያቂ የላቸውም? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ በመመለስህ ጥሩ አደረግህ። ያንተ ደንብ በአንድ ጊዜ ከ20 ዶላር የማይበልጥ ነገር፣ ከአንድ ሰው በዓመት በድምሩ ከ50 ዶላር የማይበልጥ ይላል። ጥሬ ገንዘብ ጭራሽ አይነካም። ኬክ ጋግረው ቢሰጡህ ኖሮ አብራችሁ ትበሉ ነበር።

የምትለው የዳኛ ክላረንስ ቶማስን ጉዳይ ይመስለኛል። በሚያዝያ 2023 ፕሮፐብሊካ የተባለ የምርመራ ዜና ተቋም ነው ያወጣው። ዳኛው ሃርላን ክሮው ከሚባሉ የቴክሳስ የሪል እስቴት ቢሊየነር ጋር ከሃያ ዓመት በላይ ሲዝናኑ ኖረዋል፤ በግል ጄታቸው፣ በመርከባቸው፣ በመዝናኛ ቤታቸው። በ2019 ከባለቤታቸው ጋር ወደ ኢንዶኔዥያ ሄደው ደሴት ለደሴት ሲዞሩ ሰነበቱ። ጄቱንና መርከቡን ራሳቸው ቢከራዩ ኖሮ ወጪው ከ500,000 ዶላር ሊያልፍ ይችል ነበር ይላል ዘገባው። ዳኛው ያኔ በዓመት የሚያገኙት ደሞዝ ከ300,000 ዶላር በታች ነው።

በዚያም አላበቃም። የክሮው ኩባንያ በ2014 ጆርጂያ፣ ሳቫና ውስጥ አንድ ቤትና ሁለት ባዶ ቦታ ከቶማስና ከዘመዶቻቸው በ133,363 ዶላር ገዛ። ቤቱ ውስጥ የዳኛው እናት ይኖሩ ነበር። ከሽያጩ በኋላም እዚያው መኖራቸውን ቀጠሉ። ዳኛው እንደ ልጅ ያሳደጉት የእህታቸው የልጅ ልጅ የግል ትምህርት ቤት ክፍያም ከዚያው ኪስ ወጥቷል።

ዳኛው መልስ ሰጥተዋል። ክሮውና ባለቤታቸው ከ25 ዓመት በላይ የቅርብ ወዳጆቻችን ናቸው፣ ፍርድ ቤታችን ውስጥም ጉዳይ የላቸውም፣ እንዲህ ያለ መስተንግዶ ማሳወቅ አያስፈልግም ተብዬ ተመክሬ ነበር አሉ። እውነትም ሕጉ ላይ ቀዳዳ አለ። ወዳጅ ቤቱ ጠርቶ ቢያበላህ፣ ቢያሳድርህ፣ ቢያጫውትህ ዓመታዊው የሀብት ቅጽህ ላይ አትጽፈውም። ግን ሕጉ ምግብ፣ ማደሪያና መዝናኛ ነው የሚለው። አውሮፕላን አይልም። ብዙ የሥነ ምግባር ሕግ አዋቂዎች የተከራከሩት እዚህ ጋ ነው። መጋቢት 2023 ላይ፣ ማለትም ወሬው ከመውጣቱ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ደንቡ ጠበቅ ተደርጎ የግል ጄት መጻፍ እንዳለበት በግልጽ ተቀመጠ። የቤቱ ሽያጭ ግን ለወዳጅነት ክርክር የሚመች አይደለም። ሽያጭ ሽያጭ ነው። ዳኛውም ዘግይተው ረስቼው ነው ብለው ቅጻቸው ላይ አስገብተውታል።

ባለጸጋ ወዳጅ ስላላቸው አልቀናም። እሺ፣ ትንሽ ቀንቻለሁ። ግን ከኢንዶኔዥያ የተመለሰ ሰው ቅጽ ሲሞላ ኢንዶኔዥያን እንዴት ይረሳል? ለአንተ መልሱ ይሄ ነው፤ ያንተ ሕግ "አትቀበል" ይላል። ለእነሱ ስጦታን የሚገድብ ደንብ ባይጠፋም ዋናው ሕግ "ከተቀበልክ ጻፍ" ነው። እሱም ካልተጻፈ ምን ቀረ?

ጥያቄ፦ ቅጽ ቅጽ ትላለህ። ቅጹ ላይ ምንድነው የሚሞላው? እኔስ ማየት እችላለሁ? (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ትችላለህ። የሚያምረው ነገር እሱ ነው።

ሕጉ የወጣው በ1978 ነው፣ ፕሬዝዳንት ኒክሰንን ከሥልጣን ካወረደው ከዋተርጌት ቅሌት በኋላ። ፕሬዝዳንቱም፣ የኮንግረስ አባላቱም፣ የፌዴራል ዳኞቹም በየዓመቱ እስከ ግንቦት 15 (በፈረንጁ ሜይ ማለቴ ነው) ያለፈውን ዓመት ገቢያቸውን፣ አክሲዮናቸውን፣ ዕዳቸውን፣ ስጦታቸውንና ሌላ ሰው የከፈለላቸውን ጉዞ ይጽፋሉ። ዳኛ ሳሙኤል አሊቶ ብዙ ጊዜ ማራዘሚያ ጠይቀው ነው የሚያስገቡት። እኔም ታክሴን እንደዚያ ስለማደርግ በዚህ አልፈርድባቸውም።

ስታነበው ግን ትንሽ ትናደዳለህ። ትክክለኛው ገንዘብ አይጻፍም። ፊደል ነው። "ጄ" ማለት 15,000 ዶላርና ከዚያ በታች ነው። "ኬ" እስከ 50,000። "ኤል" እስከ 100,000። ዳኛው የሚኖሩበት ቤት ኪራይ ካላስገባ አይጻፍም። ስለዚህ ሰውየው ምን ያህል ሀብታም እንደሆኑ ከዚህ ወረቀት በትክክል አታውቅም። ከማን ጋር እንደተነካኩ ግን ታውቃለህ፤ ለባለጉዳይ የሚጠቅመውም እሱ ነው።

ደስ የሚል ነገርም ይወጣበታል። ዳኛ ኬታንጂ ብራውን ጃክሰን በ2023 ከቢዮንሴ የኮንሰርት ትኬት ተሰጥቷቸው ዋጋው ከ3,700 ዶላር በላይ ነው ብለው ጽፈዋል። በዚያው ዓመት ለመጽሐፋቸው ቅድሚያ ክፍያ 893,750 ዶላር ተቀብለዋል። ከመጽሐፍ የሚገኝ ገቢ ዳኞች ከሥራቸው ውጪ እንዲያገኙ ከሚፈቀድላቸው ጣሪያ ውስጥ አይቆጠርም። ለዚህ ይሆናል ብዙዎቹ ደራሲ የሆኑት።

ድሮ ቅጹን ለማግኘት ማመልከቻ ጽፈህ መጠበቅ ነበረብህ። ለውጡን ያመጣው በ2021 ዎል ስትሪት ጆርናል ያወጣው ምርመራ ነው። 131 የፌዴራል ዳኞች እነሱ ወይም ቤተሰባቸው አክሲዮን ያለበትን ኩባንያ ጉዳይ ዳኝተው ተገኙ። 685 መዝገብ! ሕጉ አንድ አክሲዮን እንኳ ካለህ ከመዝገቡ ተነሳ ነው የሚለው። ብዙዎቹ አላወቅንም፣ ደላላችን ነው የገዛልን አሉ። እውነትም ሊሆን ይችላል። በግንቦት 2022 ኮንግረስ ሕግ አወጣ፤ ቅጹ ኢንተርኔት ላይ ይለጠፍ፣ ዳኛ ከ1,000 ዶላር በላይ አክሲዮን ሲገዛና ሲሸጥ በ45 ቀን ውስጥ ያሳውቅ ተባለ።

ጥያቄ፦ ዳኛው ሳይሆኑ ሚስታቸው ቢቀበሉስ? ሚስት የራሷ ሥራ፣ የራሷ ገንዘብ አላት እኮ። (ስሜ ይቅር፣ ከአትላንታ)

መልስ፦ እህቴ፣ ይሄን ጥያቄ በአያቴ ታሪክ ልመልስልሽ።

አያቴ በጃንሆይ ጊዜ አጥቢያ ዳኛ ነበሩ። ኃይለኛ ናቸው። ጉዳይ ካለው ሰው ቤት ጠላ አይቀምሱም፣ ተዝካር እንኳ ቢጠሩ ደጅ ቆመው "እግዜር ያጥናችሁ" ብለው ይመለሳሉ። አንድ የድንበር ክርክር ነበረባቸው፣ ሁለት ወንድማማች። አንደኛው ማር ይዞ መጣ። በፊት ለፊት በር አላመጣውም፤ በጓሮ ዞሮ ለአያቴ ሚስት ሰጠ። እማማም ተቀብለው ጓዳ አስገቡት። ለባላቸው ትንፍሽ አላሉም። ፍርዱ ለማን እንደወጣ ቤተሰቡ ውስጥ ሁለት ዓይነት ወሬ አለ፣ እሱን ልተወው። ከፍርዱ በኋላ ግን የተረታው ወንድም በሰፈሩ ሁሉ ያወራው ስለ ድንበሩ አልነበረም። ስለ ማሩ ነው። አያቴ ማሩን ከሌላ ሰው አፍ ሰሙት። እስኪሞቱ ድረስ ማር አልቀመሱም።

የአሜሪካው ሕግ ይሄን የጓሮ በር ያውቀዋል፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የዘጋው። የትዳር ጓደኛ የት እንደሚሠሩ ይጻፋል። ስንት እንደሚከፈላቸው ግን በአብዛኛው አይጻፍም። ቅድም ያነሳኋቸው ጃክሰን ራሳቸው የባለቤታቸውን የማማከር ገቢ ለጥቂት ዓመታት ሳያስገቡ ቀርተው በኋላ አርመዋል። አንቺ እንዳልሽው ሚስት የራሷ ሥራ ሊኖራት ይገባል። ማንም ቤት ዋይ አላለም። የሚያስቸግረው ደሞዙን የሚከፍለው ድርጅት ነገ ባልየው ፊት ሲቆም ነው።

ጥያቄ፦ ቶማስን ብቻ ለምን ያሳድዷቸዋል? ጥቁር ወግ አጥባቂ ስለሆኑ አይደለም? እውነቱን ተናገር። (ዳላስ)

መልስ፦ ስለ እሳቸው ብዙ የተጻፈው ብዙ ስለተገኘ ነው ብዬ አምናለሁ። ከተባለው ሁሉ ለምሳሌ ካምፐር (ማደሪያ ያለው) መኪና የገዙበት 267,230 ዶላር ብድር አለ። የሴኔት ምርመራ ከዋናው ብድር አብዛኛው ወይም ሁሉም ሳይከፈል አበዳሪው ወዳጃቸው እንደተውላቸው ገልጿል። የተተወ ዕዳ ደግሞ ገቢ ነው። እንዲህ ያለ ዝርዝር በሌላው ዳኛ ላይ አልተገኘም።

ግን ሌሎቹም አልተማሩም። አሊቶ በ2008 ፖል ሲንገር በሚባሉ ባለሀብት ጄት አላስካ ዓሣ ሊያጠምዱ ሄዱ። አላሳወቁም። በ2014 የሲንገር ድርጅት ከአርጀንቲና መንግሥት ጋር የተሟገተበት ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ 7 ለ 1 ተፈረደላቸው፤ አሊቶም ከመዝገቡ አልተነሱም። ሲጠየቁ ሲንገርን ያን ያህል አላውቃቸውም፣ የተቀመጥኩበት ወንበርም እኔ ባልቀመጥበት ባዶውን ይሄድ ነበር አሉ። የሃያ ሁለት ታክሲ ረዳት "አንድ ሰው የቀረው!" ሲል ገብቼ ሂሳብ ሲጠይቀኝ ይሄን ብሞክረው ምን እንደሚለኝ አስባለሁ።

ኒል ጎርሳች ሹመታቸው በጸደቀ በዘጠኝ ቀናቸው ኮሎራዶ ውስጥ ከሌሎች ጋር የነበራቸው መሬት የሚሸጥበት ውል ተገኘ። ገዢው የአንድ ትልቅ የጥብቅና ድርጅት ኃላፊ ነው፤ ድርጅቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሟገታል። ሽያጩን ጽፈዋል። የገዢ ስም የሚለውን ቦታ ግን ባዶውን ተዉት። በሌላው ወገን፣ ከሊበራሎቹ ዳኞች፣ ደግሞ ሶንያ ሶቶማዮር አሉ። ንግግር የሚያደርጉባቸው ተቋማት መጽሐፋቸውን እንዲገዙ ሠራተኞቻቸው ይገፋፉ እንደነበር በ2023 ተዘግቧል፤ ከመጽሐፍ ያገኙት ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ የምትወደውን ዳኛ ሲነኩብህ "ሴራ ነው"፣ የምትጠላውን ሲነኩ "ሌባ" ማለቱ አያዋጣም። እኔም ያመኛል ይሄ በሽታ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ማን ነው የሚቀጣቸው? (ሚኒያፖሊስ)

መልስ፦ በአጭሩ፣ ራሳቸው። በረጅሙም ያው ነው።

ለታች ፍርድ ቤት ዳኞች በ1980 የወጣ የአቤቱታ ሕግ አለ፤ ማንም ሰው ማመልከት ይችላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዚህ ውስጥ የለም። ጫናው ሲበዛ ዘጠኙ ዳኞች ህዳር 13 ቀን 2023 የሥነ ምግባር ደንብ አውጥተው ፈረሙ። ደንቡ ጥሩ ነው። አስፈጻሚ ግን የለውም። ዳኛው ከመዝገብ ይነሱ አይነሱ የሚወስኑት ራሳቸው ዳኛው ናቸው። ዳኛ ኤሌና ኬጋን በ2024 ክረምት ላይ ደንብ ካለ አስፈጻሚ ያስፈልገዋል፣ ልምድ ያላቸው የታች ዳኞች ቡድን ይዩት ብለው ነበር፤ እስካሁን ባልደረቦቻቸው አልተከተሏቸውም። አንድ ሴናተርና አንድ የተወካዮች ምክር ቤት አባል የቶማስ ጉዳይ ወደ ፍትሕ ሚኒስቴር ይመራ ብለው ጠይቀው ነበር፤ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አስተዳደር ጉባኤ በጥር 2025 አልመራም አለ።

የቀረው ኢምፒችመንት ነው። የተወካዮች ምክር ቤት ይከሳል፣ ሴኔት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያባርራል። ከአገሪቱ ምሥረታ ጀምሮ 15 የፌዴራል ዳኞች ተከሰው 8ቱ ብቻ ተባርረዋል። ከጠቅላይ ፍርድ ቤት የተከሰሱት አንድ ናቸው፤ ሳሙኤል ቼዝ፣ በ1804። በዓመቱ ነጻ ወጡ።

መጨረሻ የተባረሩት በ2010 የሉዊዚያናው ቶማስ ፖርቲየስ ናቸው። ልክ እንደ ልቦለድ ነው ታሪካቸው። ቁማርተኛ ነበሩ። ጉዳይ ይዘው ፊታቸው ከሚቆሙ ጠበቆች በፖስታ ጥሬ ገንዘብ ይቀበሉ ነበር። ዕዳ ሲያፍናቸው ኪሳራ ለማወጅ ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ጋዜጠኛ እንዳያውቃቸው ስማቸውን ቆራርጠው "ኦርተስ" ብለው አመለከቱ። የፌዴራል ዳኛ! በመጀመሪያው አንቀጽ ሴኔት 96 ለ 0 ፈረደባቸው። እንግዲህ ለመባረር እዚህ ድረስ መሄድ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ከቤት አከራዬ ጋር ፍርድ ቤት ነኝ። ዳኛውና አከራዬ አንድ ክለብ ጎልፍ እንደሚጫወቱ ሰማሁ። ምን ላድርግ? (ሲያትል)

መልስ፦ መጀመሪያ "ሰማሁ" የሚለውን ወደ "አየሁ" ቀይረው። ፎቶ፣ የአባላት ዝርዝር፣ የሆነ የሚያዝ ነገር። አንድ ክለብ መሆን ብቻውን አይበቃም፤ አብረው መጫወታቸው፣ ወዳጅነታቸው፣ የጋራ ንግድ ካላቸው ነው ጉዳዩ የሚነሳው። ከዚያ እኛ "ዳኛው ይነሱልኝ" የምንለውን አቤቱታ በጽሑፍ ታስገባለህ። ዛሬ ነገ አትበል። ከተረታህ በኋላ ብታመጣው "እስካሁን የት ነበርክ?" ነው የምትባለው። የክፍለ ግዛት ዳኞች የሀብት ቅጽ የት እንደሚገኝ የፍርድ ቤቱን ጸሐፊ ጠይቅ። ትሕትና አይለይህ፤ ጥያቄው መብት እንጂ ስድብ አይደለም።

ዳኛ በምርጫ በሚመጣበት ግዛት ደግሞ ለምርጫው ማን ገንዘብ እንዳዋጣ እይ። ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ 50 ሚሊዮን ዶላር ክፈል የተባለ የከሰል ድርጅት ይግባኝ ሊል ሲል፣ የድርጅቱ አለቃ ይግባኙን ከሚያዩት ዳኞች አንዱን ለማስመረጥ ወደ 3 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ዳኛው ተመረጡ። ተነሱ ሲባሉ እምቢ አሉ። ለድርጅቱም ፈረዱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2009፣ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ፣ መነሳት ነበረባቸው አለ። አራቱ ምን ነክቷቸው እንደሆነ አሁንም አይገባኝም።

ጥያቄ፦ የሰው አገር ዳኛ ሀብት ምን አገባን? የኛዎቹ ያስመዘግባሉ ወይ? (አዲስ አበባ፣ ልደታ)

መልስ፦ ያስመዘግባሉ። አዋጅ ቁጥር 668/2002፣ ይሄ በኛ አቆጣጠር ነው፣ ተሿሚ፣ ተመራጭና የተወሰኑ የመንግሥት ሠራተኞች ሀብታቸውን ለፌዴራል ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን እንዲያስመዘግቡ ያዛል። ዳኞችም አሉበት። የትዳር ጓደኛና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ሀብትም ይመዘገባል፤ የማሩን በር ከአሜሪካ የተሻለ ዘግተነዋል ማለት ነው፣ ቢያንስ በወረቀት። ዳኛን ማንሳትም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 79 ተቀምጧል። የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ይወስናል፣ የተወካዮች ምክር ቤት ያጸድቃል።

ግን ማስመዝገብና መታየት ይለያያሉ። አሜሪካ ያለ የታክሲ ሹፌር ስልኩን አውጥቶ የዋናውን ዳኛ ቅጽ ያነባል። ልደታ ችሎት የሚመላለስ ባለጉዳይ የዳኛውን ለማየት ቢነሳ ከየት እንደሚጀምር አንተው ንገረኝ። መዝገቡ ካዝና ውስጥ ከተቀመጠ አንባቢው ሌላው ባለሥልጣን ብቻ ይሆናል። ያኔ የዳኛውን ነጻነት የሚጠብቅ መሆኑ ቀርቶ ዳኛውን ማስፈራሪያ እንዳይሆን እሰጋለሁ። ደግሞ እኛ "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" እያልን ልጅ አሳድገን፣ ያ ልጅ ዳኛ ሲሆን ቅጽ እንዲሞላልን እንጠብቃለን።

ጥያቄ፦ በገንዘብ ምክንያት አፍሮ የለቀቀ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ አለ? (ያው የሲልቨር ስፕሪንጉ ፖስተኛ)

መልስ፦ አንድ አሉ። ኤብ ፎርታስ። በ1963 ጠበቃ ሳሉ ጠበቃ መቅጠር ያልቻለ አንድ ድሃ እስረኛን በነጻ ወክለው፣ ለድሃ ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ ያቁም የሚለውን ታላቅ ፍርድ ያስገኙ ሰው ናቸው። በ1965 ዳኛ ሆኑ። በ1966 ሉዊስ ዎልፍሰን ከሚባል ባለሀብት ቤተሰብ ፋውንዴሽን 20,000 ዶላር ተቀበሉ። ውሉ ዕድሜ ልክ በየዓመቱ ያንኑ ያህል፣ ሲሞቱም ለሚስታቸው ይላል። የዳኛ ደሞዝ ያኔ 39,500 ዶላር ነበር። ዎልፍሰን ሲከሰስ በዚያው ዓመት መጨረሻ ገንዘቡን መለሱ። ነገሩ ግን በግንቦት 1969 ላይፍ መጽሔት ላይ ወጣ፤ በቀናት ውስጥ ሥራቸውን ለቀቁ።

የድሮ የጥብቅና ቢሯቸው መልሶ አልወሰዳቸውም። አነስተኛ ቢሮ ከፍተው ሠሩ። በመጋቢት 1982 ለአንድ የፖርቶ ሪኮ ጉዳይ ተመልሰው እዚያው ፍርድ ቤት ቆሙ፤ ከፊታቸው ከተቀመጡት ዳኞች አንዳንዶቹ የጥንት ባልደረቦቻቸው ነበሩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አረፉ።